ጥያቄና መልስ፦ ልጄ የናርኒያን አንበሳ በጸሎቱ ጠራ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው አሜሪካ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣውን «ናርኒያ» የተባለ የደራሲው የሲ. ኤስ. ሉዊስን ተከታታይ የልጆች መጽሐፍ እጅግ ወድዶታል። ገልጬ ባየው ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ፍጥረት፣ ጠንቋይ፣ የግሪኮች የወይን ጠጅ አምላክ ሳይቀር አገኘሁበት። አንዳንዶች አንበሳው አስላን ክርስቶስ ነው ይላሉ። ሰሞኑን ልጄ ማታ ሲጸልይ የአንበሳውን ስም ሲጠራ ሰምቼ ደነገጥሁ። መጽሐፉን ልከልክለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጽሐፉን አይንጠቁት። ጸሎቱን ግን ዛሬውኑ ያቅኑለት።

ፍየል እግር ያለው ፍጥረት አሕዛብ ያመልኩት የነበረ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወደ ክርስቲያን መጽሐፍ ያስገባው የመጀመሪያው ሰው ሉዊስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ጀሮም የባሕታዊውን የአባ ጳውሎስን ታሪክ ሲጽፍ፣ አባ እንጦንስ እርሱን ፍለጋ በበረሃ ሲጓዙ ቀንድ ያለው፣ እግሩ የፍየል የሆነ ፍጡር እንዳገኛቸው ይተርካል። ፍጡሩ የተምር ፍሬ ያቀርብላቸዋል፤ አሕዛብ ተሳስተው ቢያመልኩትም ሟች እንደሆነ ይናገራል፤ ወደ ጋራ ጌታቸው እንዲጸልዩለትም ይለምናቸዋል። እንጦንስ በደስታ ያለቅሳሉ፤ በትራቸውን መሬት ላይ እየመቱ በእግዚአብሔር ፈንታ ጭራቅ የምታመልከውን እስክንድርያን ይወቅሳሉ። ስለዚህ «በመጽሐፉ ውስጥ ምን ዓይነት ፍጥረት አለ?» ከማለት ይልቅ «ፍጥረቱ ለማን ይሰግዳል?» ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ያ ባኩስ የተባለው የወይን ጠጅ አምላክ የሚመጣው አስላንን ተከትሎ ነው፤ በታሪኩ ያሉት ልጃገረዶችም አንበሳው ባይኖር ኖሮ ሊያስፈራቸው ይችል እንደነበር እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ቅዱስ ባስልዮስም የግሪኮችን መጻሕፍት ለሚያነቡ ወጣቶች ሲመክር ከአበባው የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትቀስም ንብ ሁኑ ብሏል።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ኤድመንድ የተባለው ልጅ ለጣፋጭ ሲል ወንድሙንና እኅቶቹን ይከዳል። ጠንቋይዋም ከሃዲ ሁሉ የእኔ ነው ብላ ትከራከራለች፤ የምትጠቅሰው ሕግ በድንጋይ ገበታ ላይ ተቀርጿል። አስላን በልጁ ፈንታ ይታሰራል፣ ጎፈሩ ይላጫል፣ ይዘበትበታል፣ በዚያው ገበታ ላይ ይገደላል። ሲነጋ ገበታው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አንበሳውም ተነሥቶ ይገኛል። ይህን አንብቦ የዕዳ ደብዳቤያችንን የማያስታውስ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያለ አይመስለኝም። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን «ገብሩ፣ አመቱ» (ባሪያው፣ ገረዱ) አሰኝቶ አጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረ፤ ጌታችን ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን፣ ወደ ሲኦል ሲወርድ የሲኦሉን ደመሰሰ (ቆላ. 2፥14)። አስላንም ከተነሣ በኋላ ወደ ጠንቋይዋ ግቢ ገብቶ ድንጋይ ሆነው የቀሩትን እፍ እያለባቸው ሕያዋን ያደርጋቸዋል። ልጅዎ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን አስቀምጠው የጥምቀትንና የትንሣኤን ትምህርት ይንገሩት። ተዘጋጅቶ የሚሰማ ጆሮ ያገኛሉ።

ጉድለቱንም አይሸሽጉት። አስላን የሞተው ለአንድ ልጅ ነው፤ ጌታችን ግን ለዓለም ሁሉ ነው። አንበሳው ሰው አልሆነም፤ እኛ ግን ቃል ሥጋ ሆነ ብለን፣ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም መወለዱን እናምናለን። ሉዊስ ራሱም ክርስቶስ እንደ ናርኒያ ባለ ዓለም ቢገለጥ ምን ይመስል ነበር ብሎ በምናብ እንደጻፈው ተናግሯል። ምናብ አይመለክም።

ወደ ጸሎቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1955 አንዲት እናት ልጄ ከኢየሱስ ይልቅ አስላንን የወደደ መስሎት ተጨንቋል ብላ ለሉዊስ ጽፋለት ነበር። እርሱም ልጁ በአስላን የወደደው ኢየሱስ የሠራውንና የተናገረውን ስለሆነ፣ በእውነት የሚወደው ኢየሱስን ነው ብሎ አጽናናት። ስለ ፍቅሩ እስማማለሁ፤ ስለዚህ ልጅዎን አይቆጡት። በጸሎት የምንጠራው ስም ግን አንድ ነው፤ እንድንበትም ዘንድ የተሰጠ ሌላ ስም የለም (ሐዋ. 4፥12)። እ.ኤ.አ. በ1952 በታተመው መጽሐፍ መጨረሻ አስላን ራሱ ለልጆቹ በእናንተ ዓለም ሌላ ስም አለኝ፣ በዚያ ስም ልታውቁኝ ይገባል ይላቸዋል። ያን ገጽ አብረው ያንብቡት፤ ስሙ ማን እንደሆነም ልጁ ራሱ ይመልስልዎ። ከዚያ ተነሥታችሁ አቡነ ዘበሰማያት በሉ፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያላችሁ ስገዱ።

እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣውን የመጨረሻውን መጽሐፍ ግን እርስዎ አስቀድመው ያንብቡት። በዚያ ዕድሜውን ሙሉ ታሽ የተባለውን ጣዖት ያመለከ ወታደር አለ፤ አንበሳው ያን አገልግሎት ለእኔ እንዳደረግኸው ቆጥሬዋለሁ ብሎ ይቀበለዋል። ይህን እኔ አላስተምርም። ልጅዎ ሲጠይቅዎ የቆርኔሌዎስን ታሪክ ይክፈቱለት (ሐዋ. 10)፤ ጸሎቱና ምጽዋቱ በእግዚአብሔር ፊት ቢታሰብለትም፣ ጴጥሮስ ተልኮለት ወንጌልን ሰምቶ ተጠምቋል።