ጆሮ መቼ ይደርሰኛል?

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ፤ በአንገት በላይ (በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ) ሕክምና ስፔሻላይዝ ላደርግ ነው። ሮቴሽኑ (በየክፍሉ እየዞሩ መሥራቱ) እንዴት ይከፋፈላል? የጆሮ ቀዶ ሕክምና ቶሎ ይደርሰኛል?

መልስ፦ አይደርስህም፤ አትቸኩል። እኔም መጀመሪያ ዓመት ላይ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና፣ ጽኑ ሕሙማንና ሰመመን ክፍል ስዞር አጉረመርም ነበር። በኋላ አንድ ሌሊት የመተንፈሻ ቱቦው የተዘጋበት ሰው ሲመጣ፣ እጄን ያጸናልኝ ያ የሰመመን ወር ነው። ከዚያ አፍንጫና ሳይነስ፣ ጉሮሮ፣ ሕፃናት፣ የራስና አንገት ዕጢ እያልክ ትዞራለህ፤ ወራቱ እንደየፕሮግራሙ ነው።

ጆሮ ላይ መጀመሪያ የምትሰረስረው የአስከሬን አጥንት ነው፤ በማይክሮስኮፕ፣ ውኃ እያፈሰስክ፣ የፊት ነርቭን ሳትነካ። (እኔ የመጀመሪያውን በጥሼዋለሁ።) ዲዩቲህን የሚሞላው ግን ነስርና ሕፃን አፍንጫው ውስጥ የከተተው ነገር ነው። ዶቃ ከሆነ ተረጋጋ፤ ክብ ባትሪ ከሆነ ለነገ አይባልም።