ፎቶ ዛሬም «ይታጠባል»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። «ስልኬ ላይ ያለውን የልጄን ፎቶ ላሳጥብ ነው» ብል ባልደረባዬ አረመኝ። «ፊልም ከቀረ ስንት ዘመኑ! ፎቶ ይታተማል እንጂ አይታጠብም» አለኝ። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ እርስዎ አልተሳሳቱም። ዕቃው ሲቀየር ቃሉም አብሮ መቀየር አለበት የሚል ሕግ በአማርኛ የለም።

ማጠብ የተባለው በምክንያት ነበር። በጨለማ ክፍል፣ በደብዛዛ ቀይ መብራት፣ ወረቀቱ መጀመሪያ ምስሉን በሚያወጣ ፈሳሽ፣ ቀጥሎም ምስሉን በሚያጸና ፈሳሽ ይነከራል። በመጨረሻ ኬሚካሉ እስኪለቅ በውኃ ይታጠብና እንደ ልብስ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ደንበኛው ግን ይህን አላየም። «አሳጠብኩ» ሲል ፎቶው እጁ ገባ ማለቱ ነበር። ያ ፍላጎት ዛሬም ስላለ ግሡ አልሞተም። (ከስልክ የተላከን ፎቶ በኬሚካል የሚያወጡ ማሽኖችም እስካሁን እንዳሉ ለባልደረባዎ ይንገሩልኝ።)

ስልክንም ይመልከቱ። «ደወለ» የመጣው ከደወል ነው፤ የድሮው ስልክ በእርግጥ በትንሽ መዶሻ የሚመታ ደወል ነበረው። ዛሬ ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ እኛም «ተደወለልኝ» እንላለን። መስተዋቱን በጣታችን ዳስሰን «አነሳሁት» እንላለን። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ስልክ» ራሱ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል በሥረ ቃሉ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» እያልን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሽቦው ስለማይታየው ቃሉ ምንም አልጎረበጠውም።

የዕቃ ስም ሥሩ እንዲህ ካልተሰወረ ግን ቶሎ ያረጃል። የካሴት ቴፕ እ.ኤ.አ. በ1963 ተዋወቀ፤ ሲዲ በ1982 ለገበያ ከቀረበ በኋላም ዘፋኙ «አዲስ ካሴት አወጣ» ይባል ነበር። አሁን ይህን ለወጣት ቢነግሩት ካሴቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ ስለዚህ አልመክረውም። «አወጣ» ግን ከካሴት ወደ አልበም ተሻግሮ እንዳለ ቀጥሏል።

ከማተሚያ ቤት ጋር ውል ሲጽፉ «ማተም» ይበሉ፤ እዚያ የሥራው ዓይነት መለየት አለበት። የልጅዎን ፎቶ ግን ያሳጥቡ።