ቅዳሜ ማታ ከጋሽ ጓሮ ጋር፦ ጎመን፣ ብስባሽና ዜና

የዛሬው የጽሑፍ ውይይታችን ተረኛ መላሽ ጋሽ ጓሮ ናቸው፤ ጠያቂዎች በሰፈራቸው ስም ይጠራሉ። አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ኮተቤ፣ ከቤታቸው ጀርባ 40 ካሬ በማትሞላ መሬት ላይ ሠላሳ ዓመት ጎመን ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ርእሳችን «ዜናው ሲከብድ ጓሮ መውጣት» ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ፖለቲካ አይወራም። እንደማይከበር እናውቃለን፤ ለማንኛውም ብለናል።

ከሰሚት፦ ጋሼ፣ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እጄ ስልክ ላይ ነው። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ። ቁርስ ሳልቀምስ ልቤ ይመታል። ጓደኛዬ «አትክልት ትከይ፣ ያረጋጋል» አለችኝ። እውነት ነው?

ጋሽ ጓሮ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንቅልፍ ከነሳሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የራሴን ግን ልንገርሽ። 2013 ላይ ወንድሜ ያለበት አካባቢ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ለወራት። ቀን ዜና ሳሳድድ እውላለሁ፣ ሌሊት ጣራ ሳይ አድራለሁ። አንድ ማለዳ አካፋ ይዤ ብስባሹን ማገላበጥ ጀመርኩ። በማግስቱም። ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ብስባሽ በየቀኑ አይገላበጥም፤ ሙቀቱ ይበተንና ይቀዘቅዛል። ይህን እያወቅኩ ክምሩን በገዛ እጄ ገደልኩት። ግን በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የወሰደኝ ትከሻዬ ስለዛለ ነው። ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት በጭቃ እጄ ነው።

አንቺ በቆስጣና በሰላጣ ጀምሪ። ሰላጣ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ለጀማሪ ቶሎ ብቅ የሚል ነገር ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ብቻ ያዢ፦ ያልበሰበሰ ፍግ አትጨምሪ፣ ስልክ ጓሮ ይዘሽ አትግቢ።

ከጀሞ፦ ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ድንች መትከል ይቻላል?

ጋሽ ጓሮ፦ የትኛው ማዳበሪያ? ጆንያው ነው ወይስ ዩሪያው?

ከጀሞ፦ ጆንያው።

ጋሽ ጓሮ፦ እንደሱ በል። ይቻላል። ከታችና ከጎኑ ብሳው፣ አፉን ወደ ታች ጠቅልለህ ሲሶውን ብቻ አፈር ሙላ። ዓይን ያወጣ ድንች ሦስት ቅበር። ግንዱ ሲያድግ አፈርና ብስባሽ እየጨመርክ ጆንያውን ወደ ላይ ዘርጋ። አፈሩን ከሜዳ ቆፍረህ ብቻውን አትሙላ፤ የአዲስ አበባ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ሊጥ ይሆናል። በግማሽ በብስባሽ ቀላቅለው። ዩሪያውን ደግሞ እርሳው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በጆንያ ውስጥ አንድ እፍኝ ከበተንክበት ሥሩን ያቃጥለዋል።

ከሲኤምሲ፦ ቲማቲሜ ቢጫ ሆነ። ምን ላድርግ?

ጋሽ ጓሮ፦ የታችኛው ቅጠል ነው የላይኛው? ባልዲ ላይ ነው መሬት? ስንቴ ታጠጣለህ? ፎቶ የለም?

ከሲኤምሲ፦ ስልክ ጓሮ አይግባ ብለው አልነበር?

ጋሽ ጓሮ፦ አንስተህ መልሰህ አስገባ።

ከሲኤምሲ፦ የታችኛው ነው። ባልዲ። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ።

ጋሽ ጓሮ፦ እያሰጠምከው ነው። ባልዲው ከታች ካልተበሳ ብሳው። ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተት፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጣ። ጭንቀት ያለበት ሰው ውሃ ያበዛል፤ አንድ ነገር ላድርግ ላድርግ ስለሚል። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ከጎፋ፦ ለጀማሪ የሀበሻ ጎመን ይሻላል የጉራጌ ጎመን?

ጋሽ ጓሮ፦ ይሄ ጥያቄ ይመቸኛል። የሀበሻው ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ያብባል። ቢጫ አበባ ካወጣ ቅጠሉ አለቀ፣ ዘሩን ጠብቅ። የጉራጌው ግን ግንዱ እየረዘመ ከዓመት በላይ ይቆያል። ከሥር ከሥር ትቀነጥባለህ፣ ከላይ ያወጣል። ከጎን የወጣውን ቅርንጫፍ ገንጥለህ ብትተክለው ይጸድቃል። አሁን ጓሮዬ ውስጥ አንገቴ ድረስ የደረሰ አለ። ግንዱ እንደ ምርኩዝ ነው። ለመንፈስ ረፍት ከሆነ የጉራጌውን ትከል፤ በየማለዳው የምትቀነጥበው አታጣም።

ከአያት፦ ይቅርታ፣ ግን ጎመን እንኳ በብሔር መጠራቱ አይገርማችሁም?

ከጎፋ፦ ወንድሜ፣ እኔ የጠየቅኩት ጎመን ነው።

ከልደታ፦ ስሙ እኮ ድሮም ያለ ነው። እናቴ ገበያ ስትልከኝ «የጉራጌውን አምጪ» ነበር የምትለው። ማን ተከፋ?

ከአያት፦ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ሀበሻ» ሲባል እነማንን ይጨምራል፣ እነማንን ይተዋል? ተራ ነገር አይደለም።

ከልደታ፦ ጀመረ እንግዲህ።

ከቡራዩ፦ አያት ልክ ነው። በስም ነው ሁሉም ነገር የሚጀመረው።

ጋሽ ጓሮ፦ በቃ! ይኸው፣ ልንገራችሁና እንለፍ። የሀበሻ የምትሉት ጎመን ራሱ ክልስ ነው። የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዘመዶች ተዳቅለው ነው የተገኘው፤ የትውልድ አገሩም የእኛ ደጋ ነው። ዘሩን እናቶቻችን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል። እንጀራው ሲነሳ የማን ዘር ነው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ቀጣይ።

ከሜሪላንድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቃሪያና ጎመን መቼ ልትከል?

ጋሽ ጓሮ፦ የአሜሪካን አየር አላውቅም። ጎረቤትህን ጠይቅ።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ልመልስ። ጎመኑን ማርች መጨረሻ ገደማ፤ ቅዝቃዜ ይችላል። ቃሪያና ቲማቲም ግን የእናቶች ቀን ካለፈ በኋላ፣ ሜይ አጋማሽ። እኔ ቸኩዬ ኤፕሪል ላይ አውጥቼ ሁሉም በአንድ ሌሊት ጠቆሩ። ጤና አዳሙን በማሰሮ ተክለህ ክረምት ቤት አስገባው።

ከሜሪላንድ፦ ተባረክ። እዚህ ሆኖ ዜና መስማት ይብሳል እኮ። ማንም ስምህን ሳይጠይቅህ መሬቱን ብቻ መንካት…

ከፒያሳ፦ ልናገር? ሁላችሁም ከዜና እየሸሻችሁ ነው። አገር እንደዚህ ሆና ሰላጣ መትከል ምን ይሉታል? ይሄ ደንታ ቢስነት ነው።

ከሰሚት፦ እኔ ስልኬን ሳየው ስውል አገሪቷ ተሻላት?

ከፒያሳ፦ ቢያንስ አውቃለሁ።

ከሰሚት፦ እኔም አውቃለሁ። አውቄ ነው ልቤ የሚመታው።

ጋሽ ጓሮ፦ አገር ላድን ብዬ አልተከልኩም። ጎመን ልበላ ነው። እናቴ በ1970 ሰዓት እላፊ ሲገባ ሬዲዮውን ዘግታ ጓሮ ትወጣ ነበር። ጨለማ ነው፣ ምን ይታያል? በእጇ እየዳሰሰች አረም ትነቅላለች። አንዳንዴ ሽንኩርቱንም አብራ ነቅላ ታገኘዋለች፣ ጠዋት። ደንታ ቢስ ነበረች የሚለኝ ካለ በአካል ይምጣ። ቀጣይ።

ከካዛንቺስ፦ የአቮካዶ ችግኝ ስንት ነው?

ጋሽ ጓሮ፦ ዋጋ አልነግርም። የተዳቀለውን ግዛ፤ ከፍሬው ያበቀልከው ስድስት ሰባት ዓመት ያስጠብቅሃል። አስር ካሬ ጓሮ ላይ ግን አትትከለው፤ አድጎ ፀሐዩን ሁሉ ይወስዳል።

ከሰበታ፦ ስለ ብስባሽ በደንብ ይንገሩን፤ የኔ ይሸታል።

ጋሽ ጓሮ፦ አሁን መጣሽ! የሚሸተው እርጥቡ ስለበዛ ነው። ከወጥ ቤት የወጣ ልጣጭ አንድ እጅ ከሆነ፣ ደረቅ ቅጠልና ጭድ ሦስት እጅ ይሁን። የቁመትና የስፋት ልክ አንድ አንድ ሜትር፤ ካነሰ አይግልም። ሥጋና ዘይት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። የቡና አተላ መልካም ነው፣ ግን በስሱ በትኚው፤ ወፈር ካለ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። ረጅም እንጨት መሐል ላይ ሰክተሽ ተይው። በሦስተኛው ቀን ንቀይና በእጅሽ ያዢው። ከሞቀ እየሠራ ነው። ደርቆ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃ፣ እርጥብ ሆኖ ቀዝቃዛ ከሆነ ጭድ። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጪ። ያልኩትን ሰማሽ? በየሁለት ሳምንቱ፤ እንደኔ በየቀኑ አይደለም። ከሦስት አራት ወር በኋላ ዝናብ የመታው የደን አፈር ይሸታል። እኔ እፍኝ አንስቼ አሸተዋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከገላን፦ የላም እበት አለኝ። ትኩሱን ሥሩ ላይ ልጨምር?

ጋሽ ጓሮ፦ አይሆንም። ስንቴ ልበል? ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘር ያመጣል፣ በጥሬው ከሚበላ ሰላጣ ጋር ደግሞ በሽታ ነው። ክምሩ ውስጥ ጨምረው።

ከመገናኛ፦ ክሽክሽ ጎመኔን ወረረው። ማላታይን የሚሉትን የተባይ መርዝ ልርጭ?

ጋሽ ጓሮ፦ ነገ የምትበዪው ቅጠል ላይ? በላስቲክ ጠርሙስ የሳሙና ውሃ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ማለዳ። በየሦስት ቀኑ ድገሚ። በእጅ መፍጨትም ይቻላል። ዜና ሰምቼ ስናደድ እኔ ይሄን ነው የማደርገው።

ከሳሪስ፦ ጋሼ ቲማቲሜ ቢጫ ሆነ፣ ምን ላድርግ?

ጋሽ ጓሮ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ከሳሪስ፦ የኔ ግን ጥቁር ነጥብም አለው።

ጋሽ ጓሮ፦ ክረምት ላይ የተተከለ ነው?

ከሳሪስ፦ አዎ፣ ሐምሌ።

ጋሽ ጓሮ፦ ምች የሚሉት የቅጠል በሽታ መቶታል። የታመመውን ቅጠል ቆርጠህ አውጣ፣ ብስባሽ ውስጥ አትጨምረው። ከላይ አታጠጣ፣ ከሥሩ ብቻ። ካልተወ ንቀለው። የአዲስ አበባ ዝናብና ቲማቲም አይስማሙም፤ ያለ ላስቲክ ጣራ ሐምሌ ላይ አይተከልም። አሁን ጥቅምት ነው፣ ዝናቡ ቆሟል፣ አዲስ ችግኝ ትከል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ስላለ ማታ ማታ በጆንያ ሸፍነው።

ከቦሌ፦ ጋሼ፣ የዛሬውን መግለጫ ሰሙት?

ጋሽ ጓሮ፦ አልሰማሁም።

ከቦሌ፦ በጣም ከባድ ነው፣ ምን ይላሉ…

ጋሽ ጓሮ፦ ነጭ ሽንኩርት ተክለሃል?

ከቦሌ፦ አይ።

ጋሽ ጓሮ፦ ውሃ ካለህ አሁን ትከል። ፍንካቹን ሹል ጎኑን ወደ ላይ፣ በጣት ርዝመት ጥልቀት። አራት አምስት ወር ይፈጃል።

ከሰሚት፦ ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ። ዘሬን ዛሬ ገዛሁ። ፓኬቱ ላይ ቀን የለውም። ሞቶ ቢሆንስ?

ጋሽ ጓሮ፦ አስር ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዪ። በሳምንቱ ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሪ። ሰባት ከሆነ ዝሪ። ከአምስት ካነሰ ወደ ሻጩ… ቆይ፣ ቧንቧው ጮኸ። ውሃ መጣች! አራት ቀን ጠፍታ ነበር። ጀሪካን ልሞላ ነው፣ ደህና እደሩ።