«ለዚህ ነው አገር የለቀቅነው?»

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ «አፍሪካና ስተዲስ (Africana Studies) ነው የማጠናው» አለችኝ። የአፍሪካን ታሪክ ለመማር ነው እንዴ አገር የለቀቅነው? ምን ሥራስ ያስገኝላታል? (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እትዬ፣ እኔም የተመረቅኩት በዚሁ ነው። እናቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች። ትምህርቱ ስለ አፍሪካ ብቻ አይደለም። በባርነት ተወስደው በአሜሪካና በካሪቢያን የቀሩትን ሕዝቦች ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ፖለቲካም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1968 የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች ለዚህ ትምህርት ብለው ወራት የፈጀ አድማ መትተዋል።

እኔን የያዘኝ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረበትን የእ.ኤ.አ. 1935ን ፒትስበርግ ኩሪየር፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ጋዜጣ፣ በማይክሮፊልም ሳነብ አመሸሁ። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ኢትዮጵያ! የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ትንሿን አየር ኃይላችንን መርቷል። ይህን ቤታችን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንባዬ መጣ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ልጅዎ ሌላ ሜጀር (ዋና የትምህርት መስክ) ብትጨምርበት ይሻላል። እኔ ከስታትስቲክስ ጋር አጣምሬው ዛሬ በሕዝብ ጤና እሠራለሁ። አማካሪዋን አሁኑኑ ታነጋግር። እርስዎ ደግሞ የጻፈችውን አንድ ወረቀት «እስቲ አንብቢልኝ» ይበሏት።