ከጉቦ አሥራት ይወጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከየካ አባዶ ነው። የመሬት ጉዳይ የሚታይበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እኛ ጋ ፋይል «ይጠፋል»። ባለጉዳዩ ተመላልሶ ሲሰለቸው በደላላ በኩል ይስማማል፤ በማግሥቱ ፋይሉ ይገኛል። ነገሩ የሚያልቀው ሥጋ ቤት ነው፤ ቃለ ጉባኤው ኋላ ይጻፋል። እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ ዓርብ ዓርብ ግን ድርሻዬ በፖስታ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጥልኛል። ከእሱ አሥራት አውጥቼ ለቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ እሰጣለሁ። ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መልእክትሽን ሳነብ መጀመሪያ ያፈርኩት በራሳችን ነው። ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሲሚንቶ ጭኖ የመጣን ሰው «ከየት አመጣኸው?» ብለን አናውቅም፤ ስሙን በማይክ ጠርተን እልል አስባልንለት እንጂ።

አይቆጠርልሽም። አሥራት የሚወጣው ከራስ ገንዘብ ነው፤ ፖስታው ውስጥ ያለው ግን ከአሥሩ አሥሩም የሰው ነው። ዘኍልቍ 5፥7-8 ላይ በዳዩ ኃጢአቱን ተናዝዞ፣ የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለተበደለው ይመልስ ይላል። ወደ ካህኑ የሚሄደው ተቀባይ ዘመድ ሲታጣ ነው። ዘኬዎስም ቢሆን (ሉቃስ 19፥8) ለድሆች እኩሌታውን ሲሰጥ፣ ለበደላቸው አራት እጥፍ ለብቻው ነው የቆጠረው።

«አልጠየቅሁም» ብለሻል። ሽማግሌው ፎቶ ኮፒውን በፌስታል ይዞ በር ላይ ሲቆም ፋይሉ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ታውቂ የለም? ፖስታው የዚያ ዝምታ ዋጋ ነው። ሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጥቶ ተጭበርብሯል ተብሎ በቀናት ውስጥ ሲሰረዝ፣ ደረሰን ብለው እልል ያሉ ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደሆኑ አይተናል። ያኔ «ሌቦች!» ብለን የጮኽነው ሰዎቹን ስለማናውቃቸው ነው።

ከዚህ ዓርብ ጀምሮ ፖስታውን አትቀበዪ። ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የበላሽውን ከደመወዝሽ ቀስ በቀስ መልሺ፤ የባለጉዳዮቹ አድራሻ ፋይሉ ላይ ስላለ ለማግኘት ካንቺ የሚቀርብ የለም። አለቆችሽ ቂም ይይዙ ይሆናል፣ ያዛውሩሽም ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስን አገረ ገዢው ፊልክስ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ደጋግሞ ያስጠራው ነበር፤ ሐዋርያው 2 ዓመት ታስሮ ቆየ (ሐዋ. 24፥26-27)። ይህ ቀላል ነው አልልሽም።

እስከ ዛሬ ለሕንፃው የሰጠሽውን በተመለከተ፣ ደረሰኞቹን ይዘሽ ሰበካ ጉባኤውን አነጋግሪ። እኔ እዚያ ብቀመጥ ለባለቤቶቹ ይመለስ ብዬ እከራከር ነበር። ሲሚንቶው ግን ግድግዳ ሆኗል።