ስለ ጎቴኒትሳ ጀርመኖች፦ ጥያቄና መልስ

ጎቴኒትሳ በደቡብ ስሎቬንያ፣ በኮቼቭዬ ጫካ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ጀርመኖች ጎተኒትስ ይሏት ነበር። የዓመተ ምሕረቶቹ ቁጥር ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመኖች እዚያ ጫካ ድረስ ምን ወሰዳቸው?

መልስ፦ መሬት። በ14ኛው መቶ ዘመን አካባቢው የኦርተንቡርግ መሳፍንት ርስት ነበር። ሰው ያልሰፈረበት ደን ግብር አያስገባምና ከኦስትሪያ ምድር፣ ከካሪንቲያና ከታይሮል ገበሬዎችን አምጥተው እያስመነጠሩ አሰፈሯቸው።

ጥያቄ፦ በእርሻ ብቻ ይተዳደሩ ነበር?

መልስ፦ አይበቃቸውም ነበር። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡም ወዲያው ወደ ስር ይሰርጋል። በዚያ ላይ ኦቶማኖች እየመጡ ይዘርፏቸው ነበር። በ1492 ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪክ 3ኛ ሸቀጥ እያዞሩ እንዲሸጡ ፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ የተልባ እግር ጨርቅና የእንጨት ዕቃ ተሸክመው አገር ላገር ዞሩ።

ጥያቄ፦ በ1945 ያባረሯቸው የዩጎዝላቪያው መሪ የቲቶ ሽምቅ ተዋጊዎች፣ ፓርቲዛኖቹ ናቸው አይደል?

መልስ፦ ይህን ስንቴ እንደተጠየቅሁ አላስታውስም። ከጎቴኒትሳ የወጡት በሂትለር ትእዛዝ ነው። በ1941 ጣሊያን አካባቢውን ስትይዝ፣ ሂትለር ከሙሶሊኒ ጋር ተስማምቶ ሕዝቡን ወደ ራሱ ግዛት ጠራ። ቄሶች ሳይቀሩ የተቃወሙ ነበሩ፤ የአካባቢው ናዚ ወጣቶች ግን ቀስቅሰውም አስፈራርተውም አሳመኗቸው። ከ12 ሺህ በላይ ከሚሆኑት የጠቅላላው አካባቢ ጀርመኖች ከ11 ሺህ በላይ በዚያው ዓመት ማብቂያና በ1942 መጀመሪያ ተነሡ። የሰፈሩት ደግሞ ጀርመን በያዘችው የስሎቬንያ ክፍል፣ በብሬዢትሴ ከተማ ዙሪያ፣ ባለቤቶቹ በተባረሩባቸው ቤቶች ውስጥ ነው። ናዚዎች ከዚያ ቀበሌ ከ30 ሺህ በላይ ስሎቬኖችን አስቀድመው አግዘው ነበር። በጀርመኖቹ ላይ ስለደረሰው ግፍ ሲወራ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ1945 የሆነውም እውነት ነው፤ ግን የተሰደዱትና የተባረሩት ከእነዚያ የሰው ቤቶች እንጂ ከጎቴኒትሳ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸውስ?

መልስ፦ የባቫሪያ ዘዬ ነው፤ ለመጥፋት ጥቂት ቀርቶታል። የሚናገሩት አረጋውያን በአብዛኛው በኦስትሪያና በአሜሪካ ናቸው። ኒው ዮርክ፣ ሪጅውድ ውስጥ ጎትሼር ሆል የሚባል የመሰብሰቢያ አዳራሽ አላቸው፤ ጎትሼር የኮቼቭዬ ጀርመኖች መጠሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ከጦርነቱ በኋላ ማን ሰፈረባት?

መልስ፦ መንግሥት። አካባቢው ለአርባ ዓመታት ያህል ለተራ ሰው ዝግ ሆነ። በመንደሯ አጠገብ ከመሬት በታች፣ ያኔ የዩጎዝላቪያ ክፍል ለነበረችው ለስሎቬንያ ሪፐብሊክ መሪዎች ምሽግ ተሠራ፤ በኋላ ደግሞ የፖሊስ ማሠልጠኛ መጣ። በዚያው ዝግ ክልል፣ በኮቼቭስካ ሬካ፣ ስሎቬንያ ነጻነቷን ከማወጇ ከወራት በፊት ልዩ የጦር ክፍሏን በሰልፍ አሳየች፤ ዲሴምበር 17 ቀን 1990።

ጥያቄ፦ ሄዶ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ምሽጉን አስጎብኚዎች ያሳያሉ። ከጠፉት ጎረቤት መንደሮች ግን ምልክቱ ትንሽ ነው፤ በጫካው መካከል የፖም ዛፍ ካዩ ቤት የነበረበት ቦታ ነው። ብቻዎን አይሂዱ፤ ድብ አለ።