የማጣሪያ ትርፍ ጋዝ ቤንዚን ይሆናል ወይ? ጠይቁኝ

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ ትናንት ማታ ነዳጅ ማጣሪያ ላይ ስለሚነደው ጋዝ ስትከራከሩ ነበር፣ ኬሚካል ኢንጂነር ነኝና ያላችሁን ጠይቁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ እዛ ረጅም ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚነደው ምንድነው?

መ፦ ትርፍ ጋዝ። ከባዱን ዘይት በሙቀትና በካታሊስት (ምላሹን በሚያፋጥን ነገር) ሲሰባብሩት ቤንዚን ብቻ አይወጣም፣ ሚቴን፣ ፕሮፒሊን፣ ቡቲሊን ምናምን አብሮ ይወጣል። አሁን አሁን ግን እሳቱ በዋናነት ለሴፍቲ ነው፣ ግፊት ሲበዛ የሚተነፍስበት።

ጥ፦ ታዲያ ይሄ ጋዝ እንዴት ፈሳሽ ቤንዚን ይሆናል፣ ጨምቀው ነው?

መ፦ አይ፣ መጨመቅማ ቡታጋዝ ነው፣ ስትከፍተው ተመልሶ ጋዝ ነው። እዚህ ሞለኪውሉን ራሱን ነው የሚያገጣጥሙት። ቡቲሊን 4 ካርቦን አለው፣ ሁለቱን ስታያይዝ 8 ሆነ፣ በቃ ቤንዚን ውስጥ ገባህ። ኢፓቲየፍ የሚባል ሩሲያዊ ኬሚስት አሜሪካ ሄዶ በ1930ዎቹ ነው ይሄን ለፋብሪካ ያበቃው፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያስጠጡት ጠጣር ነገር አለ፣ ጋዙን በግፊት 200 ዲግሪ አካባቢ አድርገው በሱ ላይ ያሳልፉታል። ቀጥሎ አልኪሌሽን መጣ፣ አይሶቡቴንን (ቅርንጫፍ ያለው የቡቴን ዓይነት) ከቡቲሊን ጋር በሰልፈሪክ ወይ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ማያያዝ ማለት ነው፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለ 100 ኦክቴን (ኦክቴን ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋሙ መለኪያ ነው) የአውሮፕላን ቤንዚን ባብዛኛው በሱ ነው የቆመው።

ጥ፦ ባጃጄ ላይ ባደርገውስ?

መ፦ አልኪሌቱ፣ በአልኪሌሽን የወጣው ማለቴ ነው፣ አንደኛ ነው፣ ኦክቴኑ 90ዎቹ አጋማሽ ላይ ሆኖ ሰልፈር የለውም ማለት ይቻላል። የፎስፎሪኩ ግን ድርብ ቦንዱ (ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የተያያዙበት፣ ተከፍቶ ከሌላ ጋር የሚገጣጠመው) ስላልጠፋ ብዙ ከተቀመጠ ሙጫ ይሰራል፣ የካርቡሬተሯን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍንብሃል። ለዛ ነው ቀላቅለው የሚሸጡት።

ጥ፦ ሚቴኑስ?

መ፦ እሱ ድርብ ቦንድ የለውም፣ አይያያዝም፣ እዛው ለምድጃ ይነዳል። ህንድ ፓኒፓት ላይ ግን የማጣሪያውን ትርፍ ጋዝ ለባክቴሪያ እያበሉ ኤታኖል የሚያወጡበት ፋብሪካ አለ፣ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ጥ፦ እኛ ለምን አንሰራውም?

መ፦ ማጣሪያ የታለንና እህቴ! አሰብ ኤርትራ ሄደ፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ከጅቡቲ በአዳማ የሚያልፈው ቦቴ ያለቀለት ነዳጅ ነው የጫነው፣ ጋዙ ያጣሩት አገር ቀርቷል። የኛ ትርፍ የነፊንጫና የነመተሃራ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው፣ ከስኳር ትርፍ የወጣ ኤታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መጀመሪያ በ5 በመቶ ቤንዚን ላይ ሲቀላቀል ነበር።

ጥ፦ በቤቴ ቡታጋዝ ልሞክረው?

መ፦ አንተ ልጅ! ቡታጋዝ ባብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ አሲድ ብታፈስበትም አይያያዝልህም፣ ሰፈሩን ነው የምታነደው። ሲሊንደሩን ለሽሮው ተወው።